የቤት ሙዚቃና የኤሌክትሪክ ኃይል ማረሚያ

ሙዚቃ ከቤት ውስጥ ደስታዎች አንዱ መሆኑን የሚክድ የለም። ዛሬ ግን ሙዚቃውን የሚያሰማን መሣሪያ የሚኖረው በኤሌክትሪክ ኃይል ስለ ሆነ፥ ሰው ያልጠራ ውሃ ጠጥቶ እንደሚታመም ሁሉ መሣሪያውም ያልተስተካከለ ኃይል ሲመጣለት ይታመማል የሚሉ ነጋዴዎች በዝተዋል፤ ለዚህም በሽታ መድኃኒቱ ይህ ነው እያሉ ኮንዲሽነር የሚባለውን የኃይል ማረሚያ ሣጥን ይሸጣሉ። የሣጥኑ ዋጋ አንዳንድ ጊዜ ከአምፕሊፋየሩ ዋጋ ይበልጣል። ነገሩ የቤተ ሰብ ገንዘብ የሚወጣበት ስለ ሆነ፥ በቤታችን ልዩ ልዩ ዓይነት ማረሚያዎችን እያመጣን ስንፈትን ያየነውን ለአንባቢዎቻችን ልንገልጽ ወደናል።

አስቀድመን ስለ መሣሪያችን ጥቂት እንናገር። አምፕሊፋየሩንና ሁለቱን ስፒከሮች የተውልን አባታችን ናቸው፤ ከዚያም ጋራ አንድ ሣጥን ሙሉ ሸክላ አለ። ሸክላዎቹ አብዛኞቹ አርባ አምስት የሚባሉት ትንንሾቹ ሲሆኑ፥ አቶ አምኃ እሸቴ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1969 ዓ.ም. ባቋቋሙት ድርጅት የታተሙ ይገኙባቸዋል። እናታችን እሑድ ረፋድ ላይ ቡና ሲፈላ ከእነዚህ አንዱን ሳይሰሙ አይውሉም። አምፕሊፋየሩ ቢቃጠል ሌላ አምፕሊፋየር መግዛት ይቻል ይሆናል፤ ነገር ግን አባታችን ሲያዞሩት የኖሩት፥ ቁጥሩ በጣታቸው ብዛት የደበዘዘው ቁልፍ ከየትም ሱቅ አይገዛም። ስለዚህ ስለ ቮልት መጠንቀቃችን ለድምፁ ጥራት ብቻ አልነበረም። ሸክላ ማጫወቻው ግን የአባታችን አይደለም፤ የቀድሞው ስለ አረጀ እኅታችን ከዋሽንግተን ያመጣችልን ነው። የእርሱ ነገር ራሱን የቻለ ስለ ሆነ ኋላ እንመለስበታለን።

ሐኪም በሽተኛውን ሳይመረምር መድኃኒት አያዝም። እኛም ወደ ሱቅ ከመሄዳችን በፊት ቴስተር የሚባለውን መለኪያ ገዝተን፥ ሁለት ሳምንት ሙሉ በቀን አምስት ጊዜ በሶኬቱ ላይ የሚገኘውን ቮልት በደብተር ጻፍን። በአገራችን ለመኖሪያ ቤት የሚሰጠው ኃይል 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ደብተራችን ግን ሌላ ይናገራል፤ ሌሊት ሰው ሁሉ ሲተኛ 236፤ ጧት 221፤ ማታ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሰፈሩ ሁሉ ራቱን ሲያበስል 193፤ ቅዳሜ ረፋድ ላይ 178። (ጸሓፊው ከልጆቻችን ታናሹ ስለ ነበረ፥ በደብተሩ ውስጥ 1 እና 7 የሚለዩት በብዙ ምርመራ ነው።)

የቅዳሜው ቁጥር ስለ አስደነቀን ምክንያቱን ስንፈልግ እንጀራ የሚጋገርበት ሰዓት ሆኖ ተገኘ። የኤሌክትሪክ ምጣዳችን 3,500 ዋት የሚበላ ስለ ሆነ ወደ 16 አምፔር ያህል ይስባል። ከምሰሶው እስከ ምጣዱ ባለው ሽቦና መጋጠሚያ ላይ አንድ ኦም ብቻ ተቃውሞ ቢኖር፥ 16 ቮልት በመንገድ ላይ ይቀራል ማለት ነው። የቀረውም ቮልት እንዲያው አይጠፋም፤ 256 ዋት የሚያህል ሙቀት ሆኖ በዚያው በመንገዱ ላይ ይወጣል። ይህ ሙቀት በረጅም ሽቦ ላይ ተበትኖ ቢሆን ብዙም ባላሠጋ፤ በአንድ የላላ ብሎን ላይ ሲከማች ግን ቤት ያቃጥላል።

የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርተን የብሬከሩን ሣጥን ስናስከፍት እንደ ተፈራው ሆነ። የኒውትራሉ ሽቦ የታሰረበት ብሎን ላልቶ፥ በዙሪያው ያለው ፕላስቲክ እንደ ተጠበሰ ቡና ጠቁሮ ነበር። ሠራተኛው ጫፉን ቆርጦ አጽድቶ አጠበቀው፤ ለምጣዱም ከቆጣሪው ጀምሮ ወፍራም የሆነ የራሱን ሽቦ ዘረጋለት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ምጣዱ እየጋለ ሳለ በሙዚቃው ሶኬት ላይ 204 ቮልት ተገኘ። ከምሰሶው ወዲያ ያለው የሰፈሩ ሁሉ ስለ ሆነ ከዚህ በላይ ማሻሻል የእኛ ፋንታ አይደለም። ነገር ግን ይህ የግማሽ ቀን ሥራ፥ ወደ ፊት ከምንናገርላቸው ሣጥኖች ከብዙዎቹ ያነሰ ዋጋ አስወጥቶ ከሁሉም የበለጠ ጥቅም ሰጥቶናል። የሣጥን ሻጭ ግን ብሎን አጥብቁ ብሎ ሲመክር አልሰማንም።

አሁን ወደ ሣጥኖቹ እንሂድ። በርካሽ ዋጋና በብዛት የሚሸጠው፥ ባለ ብዙ ሶኬት ማከፋፈያ መስሎ በውስጡ የድንገተኛ ቮልት መከላከያና ማጣሪያ ያለው ነው። መከላከያው ቫሪስተር የሚባል የአዝራር መጠን ያለው ዕቃ ነው፤ እንደ መብረቅ ያለ ነገር ቮልቱን ለቅጽበት ሲያዘልለው መንገድ ከፍቶ ትርፉን ያሳልፋል፤ በእያንዳንዱ ምት ግን ጥቂት በጥቂት ያረጃል። ማጣሪያው ደግሞ ከሽቦ ጥቅልና ከካፓሲተር የተሠራ ሆኖ፥ ከ50 ኸርዝ እጅግ ከፍ ያለ ድግግሞሽ ያለውን ጫጫታ፥ ይኸውም ከስልክ ቻርጀርና ከርካሽ የኤል ኢ ዲ አምፖል የሚወጣውን ይቀንሳል። ይህንንም በአሮጌው ራዲዮናችን ላይ በግልጽ ሰምተነዋል፤ ማጣሪያው ሲገባ በጣቢያው ላይ የነበረው መንተክተክ ቀነሰ። በሸክላው ላይ ግን ምንም ልዩነት አልሰማንም። አንባቢ ሆይ፥ ይህ ሣጥን ቮልቱን ከፍም ዝቅም እንደማያደርግ ዕወቅ፤ 178 ቢገባበት 178 ያወጣል። ሻጮች ሁለቱን ነገር አንድ አድርገው ሲናገሩ ስለ ሰማን ነው ይህን ማለታችን።

ቮልቱን የሚያቀናው በአገራችን ሁሉ የሚታወቀው ስታቢላይዘር ነው፤ እርሱም ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሪሌ የሚባሉ ትንንሽ ማብሪያዎች ያሉት ነው፤ የትራንስፎርመሩን ጥቅል በተለያየ ስፍራ እየያዙ ቮልቱን በደረጃ ይቀያይራሉ። ርካሽና ፈጣን ነው፤ ነገር ግን በለወጠ ቁጥር «ቀጭ» ይላል፤ አምፖሉም ይርገበገባል። ማታ ቮልቱ በሁለት ደረጃ መካከል ሲዋልል በአንድ ዘፈን ውስጥ አሥራ አንድ ጊዜ ቀጭ ሲል ቈጥረነዋል። ለማቀዝቀዣ ግድ የለም፤ በጸጥታ ሙዚቃ ለሚሰማ ሰው ግን ከበሽታው የባሰ መድኃኒት ነው። ሁለተኛው ሰርቮ የሚባለው ነው፤ በውስጡ ትንሽ ሞተር አለችና የካርቦን ብሩሽ በጥቅሉ ላይ እየነዳች ቮልቱን ሳይቋረጥ ታቃናዋለች። ዝግ ያለ ነው፤ ለድንገተኛው ዝላይ አይደርስም፤ ብሩሹም ስለሚያልቅና አቧራ ስለማይወድ አንዳንድ ጊዜ መጽዳት አለበት። ይሁን እንጂ በደብተራችን ላይ ገቢው ከ193 እስከ 236 ሲዋልል ወጪው ከ216 እስከ 224 ባለው ውስጥ ቆይቷል።

ታዲያ ይህ ማቅናት ለድምፁ ምን ይጠቅማል? ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ይመስለናል። ቮልቱ ሲወርድ የአምፕሊፋየሩ ድምፅ ወዲያው የሚቀንስ ወይም የሚደበዝዝ አይደለም፤ የሚወርደው ጣሪያው ነው። ቮልቱ ከ220 ወደ 180 ሲወርድ 50 ዋት የሚሰጠው አምፕሊፋየር 33 ዋት ያህል ብቻ ይሰጣል፤ ከዚያ በላይ ሲጠይቁት ድምፁ ይቈራረጣል። በሠርግ ቤት ይህ ይታወቃል፤ እናታችን በሚሰሙበት መጠን ግን አንድ ዋት እንኳ ስለማይፈጅ ከቶ አይታወቅም። መሣሪያን የሚያስረጀው ይልቁንም ወደ ላይ ያለው ነው፤ ከልክ ያለፈ ቮልት ትራንስፎርመሩን ያግላል፥ ካፓሲተሮቹንም ያደርቃል፤ ቫልቭ ያላቸው የጥንት አምፕሊፋየሮች ደግሞ ቫልቫቸው ቶሎ ያልቃል። ከጀርባቸው 100–240 ተብሎ የተጻፈባቸው አዳዲስ መሣሪያዎች በውስጣቸው ራሳቸውን ስለሚያቀኑ ለእነርሱ ስታቢላይዘር መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

የስታቢላይዘሩ ዋና ጥቅም የታየን ባለፈው ክረምት ነው። በአንድ የዝናብ ማታ በሰፈራችን ምሰሶ ላይ ኒውትራል የሚባለው የጋራ ሽቦ ተበጠሰ። ኃይሉ ወደ ሰፈር የሚመጣው በሦስት ፌዝ ነው፤ በእያንዳንዱ ፌዝና በኒውትራሉ መካከል 220፥ በሁለት ፌዝ መካከል ግን 380 ቮልት አለ። ኒውትራሉ ሲበጠስ የአንዱ ቤት ዕቃ ከሌላው ቤት ዕቃ ጋራ በተርታ የታሰረ ያህል ይሆንና፥ ጥቂት ዕቃ ያበራው ቤት ወደ 380 የቀረበውን ሊቀበል ይችላል። አምፖሎቻችን እንደ ቀትር ፀሐይ በሩ፤ ሁለቱ ወዲያው ፈነዱ። በአጥር የምንዋሰናቸው ጎረቤታችን ማቀዝቀዣቸውና ቴሌቪዥናቸው በዚያች ማታ ተቃጠሉ። በእኛም ቤት ቴሌቪዥኑ የተሰካበት ባለ ቫሪስተሩ ማከፋፈያ ጨሰ፤ ለቅጽበት ምት እንጂ ለደቂቃዎች የተሠራ አይደለምና። ነቅለን ወደ ደጅ ጣልነው። ስታቢላይዘሩ ግን ገቢው ከ260 ቮልት ሲያልፍ የሚቈርጥ ማብሪያ ስለ ነበረው አስቀድሞ ዘግቶ ዝም ብሎ ነበር። እናታችን ሻማ ይዘው መጡና የአምፕሊፋየሩን ጀርባ በመዳፋቸው ዳሰሱ፤ «አልጋለም» ብለው ወደ መኝታቸው ተመለሱ።

ስለዚህ ስታቢላይዘር የሚገዛ ሰው ስለ ዋቱ ብቻ ሳይሆን፥ ገቢው ስንት ቮልት ሲደርስ እንደሚቈርጥ ሻጩን ይጠይቅ፤ ሻጩ ካላወቀ በዕቃው ላይ የተጻፈውን ያንብብ። የማቆያ ሰዓት ያለው ከሆነም ለማቀዝቀዣ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ የሚያቆየውን ይምረጥ፤ መብራት ሄዶ ወዲያው ሲመለስ ኮምፕሬሰሩ ዕረፍት ይፈልጋል። ለአምፕሊፋየር ግን ጥቂት ሰከንድ ይበቃል።

ኢሶሌሽን ትራንስፎርመር የሚባለውንም አንድ ሳምንት አቆይተነዋል። ከባድ ነው፤ ሁለት ሰው ተሸክሞ ያስገባዋል። በሽቦዎቹ ላይ አብሮ የሚጓዘውን ጫጫታ ይከለክላል እንጂ እርሱም ቮልት አያቀናም፤ ለእኛ ቤት በሽታ አልነበረምና መለስነው። ባትሪ ያለውን ዩ ፒ ኤስ ለሙዚቃ የሚጠቀሙም አሉ፤ ርካሹ ዓይነት በባትሪ ሲሠራ የሚያወጣው ሞገድ እንደ ደረጃ የተሰበረ ስለ ሆነ ትራንስፎርመርን ያስጮኻል፥ የሸክላ ማጫወቻ ሞተርንም ያግላል።

ከሁሉ ውድ የሆነው ሬጀኔሬተር ነው። ይህ ሣጥን የመጣውን ኃይል አጣርቶ የሚያሳልፍ ሳይሆን፥ ወደ ቀጥታ ኃይል ለውጦ ከዚያ አዲስና ንጹሕ ሞገድ የሚሠራ ነው፤ በቤት ውስጥ የተቀመጠ ትንሽ የኃይል ማመንጫ በሉት። አንድ ወዳጃችን ለአንድ ወር ሲያውሰን፥ የግድግዳውን ሞገድ በኦሲሎስኮፕ አሳየን። ጫፉ ተቈርጦ እንደ ጠፍጣፋ ተራራ ሆኖ ነበር፤ በሰፈሩ ያሉት ቴሌቪዥኖችና ቻርጀሮች ሁሉ ኃይል የሚስቡት በሞገዱ ጫፍ ላይ ስለ ሆነ ነው። የሬጀኔሬተሩ ሞገድ ግን እንደ መጽሐፍ ሥዕል ለስላሳ ነው። ዓይን ይህን አይቶ ጆሮ ልዩነት አልሰማሁም ለማለት ይከብደዋል።

ስለዚህ ዓይንን ለይተን ጆሮን ብቻ ለመጠየቅ ወሰንን። መሣሪያው ከመጋረጃ ጀርባ ሆነ፤ ወንድማችን ሳንቲም እየጣለ አንድ ጊዜ ከስታቢላይዘሩ፥ አንድ ጊዜ ከሬጀኔሬተሩ ይሰካዋል፤ የድምፁ መጠን አይነካም፤ ማንም አይናገርም፤ ሰሚው የትኛው እንደ ሆነ በወረቀት ይጽፋል። አሥር ጊዜ በግምት ብቻ የሚመልስ ሰው አምስት ያህል ያገኛል፤ ዘጠኝና ከዚያ በላይ በዕድል ማግኘት ግን ከመቶ አንድ ጊዜ ያህል ብቻ የሚሆን ነው። ሣጥኑን ያዋሰን ወዳጃችን አምስት አገኘ፤ ሴት ልጃችን ስድስት፤ እኛ አምስት። እናታችን ከአራተኛው በኋላ «ልጆቼ፥ ዘፈኑ ያው ነው፤ ቡናው ግን ቀዘቀዘ» ብለው ተነሡ። ወዳጃችን ጥቂት ዝም ካለ በኋላ፥ በእርሱ ሰፈር ያለው ኃይል የባሰ መሆኑን ተናገረ። ይህም እውነት ሊሆን ይችላል፤ የእኛ ፈተና የእኛን ቤት እንጂ የሌላውን አይመሰክርም።

ሬጀኔሬተሩ በእርግጥ ልዩነት ያሳየበት አንድ ነገር ነበረ፤ እርሱም ከአሜሪካ የመጣው ሸክላ ማጫወቻ ነው። መሣሪያው ለ120 ቮልትና ለ60 ኸርዝ የተሠራ ነው። 220ን ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር በየሱቁ ይገኛል፤ ነገር ግን ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ድግግሞሹን አይለውጥም። የዚህ ዓይነቱ ሞተር ደግሞ የሚዞረው በቮልቱ ብዛት ሳይሆን በድግግሞሹ ልክ ስለ ሆነ በ50 ኸርዝ ላይ ከስድስት እጅ አንዱን ይዘገያል። አርባ አምስቱ ሸክላ በሁለት ደቂቃ 90 ጊዜ መዞር ሲገባው እኛ 75 ቈጠርንበት። ጥላሁን ገሠሠ ከእንቅልፉ እንደ ተቀሰቀሰ ሰው ድምፁን እየጐተተ ሲዘፍን፥ እናታችን «ይህ እርሱ አይደለም» ብለው መርፌውን በገዛ እጃቸው አነሡት። የተዋስነው ሬጀኔሬተር ድግግሞሹን መምረጥ የሚቻልበት ስለ ነበረ፥ 60 ላይ አድርገን በማውረጃው ትራንስፎርመር በኩል ስንሰካው ሸክላው 90 ዞረ፤ ዘፋኙም ወደ ራሱ ድምፅ ተመለሰ።

ወዳጃችን በዚህ ደስ ብሎት እንድንገዛው መከረን። ዋጋው የልጃችንን የአንድ ዓመት የትምህርት ቤት ክፍያ ያህል ነው። እኛ ግን ሞተሩ ላይ ያለችውን፥ ቀበቶው የሚዞርባትን ትንሽ የናስ መዘውር ነቅለን ወደ ቶርኖ ቤት ወሰድናት፤ ቀበቶው የሚያርፍባቸው ሁለቱም ደረጃዎች ከቀድሞው በአንድ አምስተኛ የሰፉባት ሌላ መዘውር አስቀረጽን። በ50 ኸርዝ የሚዘገየው ሞተር በሰፊው መዘውር ይካካሳል። ሠራተኛው የመጀመሪያዋን ጥቂት ስላወላገዳት ዘፈኑ ይወዛወዝ ነበር፤ ሁለተኛይቱ ግን ልክ ሆነች። ሞተሩ ለ60 ተሠርቶ በ50 ሲሠራ ይሞቃልና፥ ማውረጃው 120 ሳይሆን 110 መስጠቱም ጠቀመን።

ከስፒከር ስለሚወጣው እምምታ ብዙ ሰው ይጠይቃል። እርሱ አብዛኛውን ጊዜ ከኃይሉ ጉድለት ሳይሆን፥ ልዩ ልዩ መሣሪያዎች በተለያየ ሶኬት ተሰክተው በመሬት ሽቦና በድምፅ ገመድ አንድ ቀለበት ሲሠሩ የሚመጣ ነው። ሁሉንም በአንድ ማከፋፈያ ላይ መሰካት ብዙ ጊዜ ያጠፋዋል። እምምታውን ለማጥፋት ብሎ የመሬቱን ሽቦ የሚቈርጥ ሰው ግን የቤተ ሰቡን ሕይወት ይሸጣል፤ የብረቱ አካል በኃይል ሲነካ ሰውን የሚያድነው ያ ሽቦ ነውና።

ሬጀኔሬተሩን በወሩ መጨረሻ አመስግነን መለስን። ሰርቮ ስታቢላይዘሩ ከአምፕሊፋየሩ አጠገብ ቀርቷል፤ በብሬከሩ ሣጥን ውስጥ ለቤቱ ሁሉ የሚያገለግል የድንገተኛ ቮልት መከላከያ ተጨምሯል፤ ለማቀዝቀዣውም ባለ ማቆያው ስታቢላይዘር ተገዝቷል። ያልተፈወሰ አንድ ነገር አለ። የአምፕሊፋየሩ ትራንስፎርመር አንዳንድ ማታ ከሆዱ ያጉረመርማል። ምክንያቱን ለማግኘት ብዙ ቀን ከፈጀብን በኋላ፥ የጎረቤታችን ልጅ ፀጉር ማድረቂያዋን በግማሽ ኃይል ስታበራ መሆኑን ደረስንበት፤ አንዳንድ ማድረቂያ በግማሽ ኃይል ሲሠራ የሞገዱን አንዱን ወገን ብቻ ስለሚበላ በሽቦው ላይ ጥቂት ቀጥታ ኃይል ያስቀራል፤ ክብ ትራንስፎርመር ደግሞ ይህን አይችለውም። ስታቢላይዘሩ አይከለክለውም፤ ኢሶሌሽን ትራንስፎርመሩ ይከለክለው ነበር፤ ነገር ግን ማጉረምረሙን ራሱ ይወርሰዋል። ለዚሁ የሚሆን ከዳዮድና ከካፓሲተር የተሠራ ትንሽ ማገጃ አለና የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ሊያስገባልን ቀጠሮ ሰጥቶናል። እስከዚያው ድረስ ማጉረምረሙ በተሰማ ቁጥር እናታችን ከመቀመጫቸው ሳይነሡ «ልጅቱ ልትወጣ ነው» ይላሉ።